የቤንዚን ሞተር በኤታኖል ይሠራል ወይ? ብሩን ከመላካችን በፊት

የዛሬው የሙያ ትምህርታችን ብዙዎቻችን በስልክ ስለምንጠየቀው ነገር ነው። ገንዘብ ልከን ያስገዛነው የውሃ ፓምፕ ወይም ጀነሬተር አገር ቤት አለ፤ ቤንዚን ሲጠፋ ወይም ሲወደድ ግን ቆሞ ይውላል። ከዚያ «ሞተሩን ወደ አልኮል እናስቀይረው፣ ትንሽ ብር ላኩልን» ይባላል። ይቻላል ወይ? አዎ፣ ይቻላል። ነገር ግን ሳያውቁ የነካኩት ሞተር ፒስተኑ ሊቃጠል ይችላል፤ ያ ፓምፕ ደግሞ የስንት ወር ደመወዝ እንደሆነ እኛው እናውቃለን።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ብራዚል ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣ አልኮልን ለመኪና ለማዋል ትልቅ ፕሮግራም የጀመረችው በ1975 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ1979 በአልኮል ብቻ የሚሄድ መኪና ገበያ ላይ አውጥታለች። በእኛም አገር የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ኤታኖል አምርተዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ መቀላቀል ተጀመረ፤ በ2011 ደግሞ 10 በመቶ ሆነ። እስከ 10 በመቶ ድረስ አብዛኛው ሞተር ምንም ሳይነካ ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው ሙሉ በሙሉ ኤታኖል ሲሞላበት ነው።

በስልክ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ሞተሩ ካንዴላ አለው ወይ?» ብላችሁ ነው። ከሌለው የናፍጣ ነው፤ ይህ ትምህርት አይመለከተውም፣ እንዳይነካ በሉ። ካንዴላ ኖሮት ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚሞላለት ከሆነም ይቅር፤ ተራው የሞተር ዘይት ከኤታኖል ጋር በደንብ ስለማይዋሃድ ሞተሩ ደርቆ ይነክሳል። ዘይቱ ለብቻው የሚሞላለት ከሆነ ግን እንቀጥል።

አሁን ነዳጁ። «ካቲካላ ብንሞላበትስ?» የሚል አይጠፋም። አይሆንም! ካቲካላ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ለሞተር የሚሆነው 95 በመቶ ገደማ ንጹሕ የሆነ ኤታኖል ነው። ሻጭ ሁሉ «ንጹሕ ነው» ይላል፤ በሱቅ ሚዛን ግን ማረጋገጥ ይቻላል። ባዶ ጠርሙስ ይመዘን፣ ልክ 1 ኪሎ ውሃ ይጨመርበትና ውሃው የደረሰበት ላይ ምልክት ይደረግ። ውሃው ተደፍቶ ጠርሙሱ ከደረቀ በኋላ እስከ ምልክቱ ድረስ ኤታኖሉ ይሞላ። የጠርሙሱ ክብደት ሲቀነስ 810 ግራም አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው፤ 930 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ግን የካቲካላ ያህል ውሃ አለበት። ውሃ ያለበትን ኤታኖል በቤንዚን ላይ ጥቂት ጨምሮ መሞከርም አያዋጣም፤ ይለያይና ውሃውና አልኮሉ ወደ ታች ወርዶ በቀጥታ ካርቡሬተር ውስጥ ይገባል።

ለመሆኑ ያዋጣል ወይ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንድ ሊትር ኤታኖል ያለው ኃይል የአንድ ሊትር ቤንዚንን ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ቤንዚን ሊትሩ 120 ብር ነው እንበል፤ ኤታኖሉ ከ80 ብር በታች ካልተገኘ ኪሳራ ነው። ወንድማችሁ ይህን ሂሳብ ሳይነግራችሁ ብር ከጠየቀ፣ አትቆጡት፣ ግን መጀመሪያ ሂሳቡን ይሥራ። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ኤታኖል የሚያመርት ፋብሪካ ቅርብ ካልሆነ ባይጀመር ይሻላል።

ሥራው ራሱ ያለው ካርቡሬተር ላይ ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ 1 ኪሎ ኤታኖል ግን 9 ኪሎ ይበቃዋል። ስለዚህ ለዚያው አየር ብዙ ነዳጅ መግባት አለበት። ነዳጁን የምታሳልፈው ጀት የምትባል ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ብሎን ናት፤ የቀዳዳዋ ስፋት በ25 በመቶ ገደማ መጨመር ይኖርበታል። ላይዋ ላይ 70 ተጽፎ ከሆነ ብዙ ጊዜ 0.70 ሚሊሜትር ማለት ነው፤ ወደ 0.88 አካባቢ ትደርሳለች ማለት ነው። በአንዴ ግን አይበሳም! መጀመሪያ በ0.80፣ ቀጥሎ በ0.85፣ ከዚያ በ0.90፤ በየመሐሉ ለጥቂት ደቂቃ ያለ ሸክም እያስነሱ ማየት ነው። የሰፋ ቀዳዳ አይጠብም። ትልቁ ትራፓኖ ለዚህ አይሆንም፣ በእጅ የምትዞር ቀጭን መብሻ ናት የምታስፈልገው።

ስፋቱ እንደበቃ በምን ይታወቃል? ቾኩን ግማሽ ሲዘጉት ሞተሩ ከተሻለው ነዳጅ አንሶታል ማለት ነው፤ ቀዳዳው ገና ጠባብ ነው። ካንዴላው ተፈቶ ሲታይ ቀለሙ ቡናማ ከሆነ ደግ ነው። ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሶት እየጋለ ነው፣ ወዲያው ይጥፋ፤ ቫልቭና ፒስተን የሚበላው ይሄ ነው። ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ደግሞ ነዳጁ በዝቷል።

ጠዋት ብርድ ላይ፣ በተለይ ደጋ ከሆነ፣ ኤታኖል ቶሎ ስለማይተን ሞተሩ እንቢ ይላል። በትንሽ ቤንዚን አስነስቶ ወደ ኤታኖል መመለስ ነው። ነዳጅ የሚጨመረው ግን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። ኤታኖል የቆየ ቆሻሻ ስለሚያጥብ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የነዳጅ ማጣሪያው ሊደፈን ይችላል፤ ተራው የጎማ ቱቦም ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። ሥራ ሲያበቃ ሰልባቲዮው ባዶ ይደረግ፤ ኤታኖል ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። የሞተር ዘይቱም ከቀድሞው ቶሎ ቶሎ ይቀየር።

አደጋውን አደራ! የኤታኖል እሳት በፀሐይ ብርሃን አይታይም፤ ሰው ሳያየው ይቃጠላል። ለነዳጅ የሚሸጥ አልኮል ደግሞ እንዳይጠጣ መርዝ ሊጨመርበት ይችላል፤ ሜታኖል ካለበት ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። በጠላ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ እንዳያስቀምጡት ደጋግማችሁ ንገሯቸው። እናንተም በያላችሁበት «ልሞክረው» ብላችሁ አልኮል ቤት እንዳታስገቡ፤ እንደ ሳዑዲና ኩዌት ባሉ አገሮች በሕግ ያስጠይቃል።

ሂሳቡ ተሠርቶ «ይሁን» ከተባለ፣ ከብሩ ይልቅ ዕቃው ቢላክ እመርጣለሁ፤ ጌጣጌጥ ሠሪዎች የሚጠቀሙባቸው የ0.80፣ የ0.85 እና የ0.90 ቀጫጭን መብሻዎች፣ ኤታኖል የሚችል አንድ ሜትር የነዳጅ ቱቦ፣ ሁለት ማጣሪያና ለዚያ ሞተር የምትሆን አንድ ትርፍ ጀት። ሁሉም ሻንጣ ጥግ ይገባል። የምትበሳው ትርፏ ናት፤ የመጀመሪያዋ በጨርቅ ተጠቅልላ ትቀመጥ፣ ኤታኖል ሲጠፋ እሷን መልሶ በቤንዚን መሥራት ይቻላል።