«ታዝዤ ነው» ስለ ማለት

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል እየሰማን አድገናል። መታዘዝን ከወላጆቻችንና ከመምህራኖቻችን ተምረናል፤ መልካምም ነው። ነገር ግን መታዘዝ ጭካኔ የሚሆንበት ጊዜ የለምን?

ምሳሌው ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው። በ1970 ዓ.ም. ክረምት 75 ወጣት እስረኞች በከተማችን በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገደሉ። በጎጃም የደርግ ተጠሪ የነበረው እሸቱ ዓለሙ ይህንና ሌሎችንም ግፎች በማዘዙ፣ በሔግ የሚገኘው የሆላንድ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2014 ዓ.ም. አጸናው። ተረቱ እንዳለው ሳይሆን ቀረ፤ ባለሥልጣኑም ተከሰሰ።

ሆኖም አንድ ሰው ብቻውን 75 ሰው አይገድልም። በር የሚከፍት፣ ስም የሚጠራ፣ እጅ የሚያስር፣ ጉድጓድ የሚቆፍር ያስፈልገዋል። እያንዳንዱም «እኔ የያዝሁት ቁልፍ ብቻ ነው» ሊል ይችላል። ቋንቋውም ያግዘዋል፤ በዚያ ዘመን «ተገደለ» ሳይሆን «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» ይባል ነበር። ሟቹም የእገሌ ልጅ መሆኑ ቀርቶ «ፀረ አብዮት» ይሆናል። እንዲህ ስሙ ለተገፈፈ ሰው ማን ያዝናል?

ታዲያ እነዚህ ሁሉ ሲፈጠሩ ጨካኞች ነበሩን? አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ስታንሊ ሚልግራም እ.ኤ.አ. በ1961 በዬል ዩኒቨርሲቲ ተራ ሰዎችን ጠርቶ፣ በሌላ ክፍል ያለ ሰው መልስ በሳተ ቁጥር በኤሌክትሪክ እንዲቀጡት አዘዘ። ኤሌክትሪኩ የውሸት ነው፤ እነርሱ ግን ይህን አላወቁም። ከ40ው ሰዎች 26ቱ እስከ መጨረሻው፣ እስከ 450 ቮልት ድረስ ቀጡ። ብዙዎቹ ላብ አጥምቋቸው፣ እየተንቀጠቀጡ ነው የቀጡት፤ ማዘናቸው እጃቸውን አላስቆመውም። ተቀጪው እዚያው ክፍል አጠገባቸው ሲቀመጥ ግን ከ40ው እስከ መጨረሻ የሄዱት 16 ሆኑ። አብረዋቸው የተቀመጡ ሁለት ሰዎች «ከዚህ በላይ አንቀጥልም» ብለው ሲነሡ ደግሞ 4 ብቻ ቀሩ። እኔን ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ይህ ቁጥር ነው።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ የኖብን ካህናት ታሪክ ያነበባችሁ ታስታውሳላችሁ። ሳኦል «ግደሉ» ሲል ዘበኞቹ እጃቸውን አላነሡም፤ ኤዶማዊው ዶይቅ ግን ሰማንያ አምስቱን ገደለ። ዘበኞቹን ስለ እምቢታቸው እናመሰግናቸዋለን። የዶይቅን እጅ የያዘ ሰው ስለ መኖሩ ግን መጽሐፉ አይናገርም።