ከክረምት በኋላ በተከለሉ ቦታዎች የእግር መንገድ አከፋፈትና አያያዝ

ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

ክረምት ወጥቶ መስከረም ሲጠባ በሰንዳፋ፣ በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ ዙሪያ ያሉት ኮረብታዎች አደይ አበባ ይለብሳሉ። ሣሩ ይቆማል፣ የደፈረሰው ምንጭ ይጠራል፣ ቤት ያከረመውም ሰው ይወጣል። ሴቶች ውሃ ለመቅዳትና ጭራሮ ለመልቀም፣ እረኞች ለግጦሽ፣ ልጆች ለትምህርት፣ ምእመናን ለንግሥ፣ የከተማ ሰውም ለሽርሽር ተራራውን ያቋርጣል። ይህ ሁሉ እግር መሬቱን የሚረግጠው አፈሩ ከክረምቱ ውሃ ገና ባልተላቀቀበት ጊዜ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ደንና ሣር እንዲያገግምባቸው በተከለሉ ቦታዎች ውስጥ የሚያልፈውን የእግር መንገድ መቼ መክፈት፣ በየት መምራትና እንዴት መጠበቅ እንደሚገባ ማስረዳት ነው። አሳባችን ባጭሩ ይህ ነው፡- በደንብ የተሠራና ማኅበሩ የተስማማበት አንድ መንገድ ከእሾህ አጥር ይልቅ ተራራውን ይጠብቃል። መንገድ ሳይሰጠው የተዘጋ ተራራ ግን ብዙ መንገድ ይወጣበታል፤ እያንዳንዱም በሚቀጥለው ክረምት ቦረቦር ይሆናል።

1. መጸው ለተከለለ ቦታ ያለው ጥቅም

በአገራችን የወቅቶች አከፋፈል ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ መጸው ይባላል። በዚህ ወቅት በተከለለው ቦታ ውስጥ አራት ነገሮች ይከናወናሉ።

ሀ. ሣሩ ዘር ይይዛል፣ ያረግፋልም። ከሣሩ ጋር ተቀላቅሎ የሚበቅለው ማገጥ በመስከረምና በጥቅምት ያብባል። ማገጥ ለከብት ጥሩ መኖ ከመሆኑም በላይ በሥሩ ናይትሮጅን እየያዘ አፈሩን ያዳብራል። ዘሩን ሳያረግፍ ከተረገጠ በሚቀጥለው ዓመት ይሳሳል።

ለ. በክረምት የበቀለው የጥድ፣ የወይራና የዝግባ ችግኝ በመስከረም ገና ከጣት አይበልጥም። አንድ ጊዜ በኮቴ ከተረገጠ አያንሰራራም።

ሐ. ረግረግ ሣር ውስጥ የሚፈለፈሉ ወፎች ጫጩቶቻቸውን ያሳድጋሉ። ከሆለታ ባሻገር በበርጋ ረግረግ በሳይንሳዊ ስሟ ሳሮትሩራ አይረሲ የምትባል፣ በክንፏ ላይ ነጭ ያለባት ትንሽ ወፍ በክረምት ትራባለች። ይህች ወፍ በዓለም ላይ ከመጥፋት አፋፍ ከደረሱት አንዷ ናት። ጎጆዋን የምትሠራው ምድር ላይ፣ በሣሩ ሥር ስለሆነ ከብት ያለጊዜው ከገባ እንቁላሉም ጫጩቱም ይረገጣል።

መ. አፈሩ ይጠነክራል። በሰንዳፋ አካባቢ በብዛት የሚገኘው መረሬ፣ በኦሮምኛ ኮቲቻ የሚባለው ጥቁር አፈር፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እርጥብ ሳለ የተረገጠ መረሬ ይጠቀጠቅና ውሃ ማስረግ ይሳነዋል። ውሃውም በእግር ዱካ ላይ መፍሰስ ይጀምራል።

2. መንገድ ሳይሰጡ መዝጋት የሚያስከትለው ጉዳት

በሰንዳፋ አካባቢ ከተመለከትናቸው የተከለሉ ኮረብታዎች በአንዱ ኮረብታው በሙሉ በእሾህ ታጥሮ ጥበቃ ተመደበለት። ሥራው በመልካም አሳብ የተጀመረ ነበር። ይሁን እንጂ ከኮረብታው ማዶ ያለው ምንጭ ለመንደሩ የቅርብ ውሃ መሆኑን አስቀድሞ የጠየቀ አልነበረም። ሴቶቹ እንስራ አዝለው ኮረብታውን መዞር ስለከበዳቸው አጥሩን በሦስት ቦታ ቀደዱት። ጥበቃው ሲከለክል ጠብ ተነሣ። የሣር አጨዳው ድርሻ ሳይከፋፈል ቀረ።

በሚቀጥለው ክረምት ሦስቱም ዱካዎች ቁልቁል የወረዱ ስለነበሩ ውሃ መውረጃ ሆኑ። ሁለቱ እስከ ጉልበት ጥልቀት ተቦረቦሩ። ደለሉ ከታች ያለውን የምስር ማሳ አለበሰው። ከዚያ ያለፈው ጭቃ ወደ ጅረት ገባ። እንደሚታወቀው ከሰንዳፋ አካባቢ የሚወርዱት ጅረቶች በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የተሠራውን የለገዳዲን ግድብ ይመግባሉ። ስለዚህ የአንድ ኮረብታ መንገድ ጉዳይ የመንደሩ ብቻ አይደለም።

ጥፋቱ የሴቶቹም የጥበቃውም አልነበረም። ኮረብታው ሲከለል መንገዱ አብሮ አለመታሰቡ ነው።

3. መንገዱ መቼ ይከፈት?

ዝናብ የሚያባራበት ቀን በየዓመቱ ስለሚለያይ ቀን ቆጥሮ መክፈት ብቻውን አይበቃም። የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ከማኅበሩ ኮሚቴ ጋር ሆኖ የሚከተሉትን ሦስት ፍተሻዎች በቦታው ላይ ያድርግ፡-

የዱካ ፍተሻ፡- አንድ ሰው ሸክም ይዞ ሃያ እርምጃ ይሂድ። ዱካው ውሃ ከቋጠረ ወይም ከአውራ ጣት ውፍረት በላይ ከጠለቀ መሬቱ ገና ነው።

የአፈር ፍተሻ፡- ከአንድ ስንዝር ጥልቀት አፈር አውጥቶ በመዳፍ ማድቦልቦል ነው። እንደ ቀጭን ገመድ እየተሳበ ካልተሰበረ እርጥበቱ ብዙ ነው። ከተፈረፈረ ደርሷል።

የዘር ፍተሻ፡- የሣሩን ራስ በመዳፍ ማሸት። ዘሩ በቀላሉ ከረገፈ ሣሩ የድርሻውን ጨርሷል ማለት ነው።

ድንጋያማና ውሃ የማይቆምበት መንገድ ለእግረኛ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ሊሆን ይችላል። በመረሬ ላይ የሚያልፈው ግን ሁለቱን የመጀመሪያ ፍተሻዎች ማለፍ አለበት። ለከብትና ለጭነት አህያ ሦስቱም ሳይሟሉ መክፈት አይገባም።

4. የመንገዱ አመራረጥ

መጀመሪያ ሰው በእርግጥ የሚሄድበትን ማወቅ ያስፈልጋል። ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች፣ እረኞችንና ሽማግሌዎችን ይዞ ኮረብታውን በእግር መዞርና ዱካዎችን ሁሉ በወረቀት ላይ ማስፈር ነው። ከዚያም ከሁሉ የሚሻለውን አንዱን መምረጥ፤ ብዙ ሰው ካለ ሁለቱን። በምርጫው ጊዜ ቀጥሎ ያለውን መመልከት ይገባል፡-

ሀ. መንገዱ ቁልቁል ቀጥ ብሎ መውረድ የለበትም፤ ጎን ለጎን እያዘነበለ ይሂድ። የመንገዱ ተዳፋት ከኮረብታው ተዳፋት ከግማሽ በላይ ባይሆን፣ በጠቅላላውም ከ10 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ለእርከን ሥራ የምንጠቀምበት የ10 ሜትር ክርና ውሃ ልክ ለዚህም ያገለግላል። በ10 ሜትር ርቀት የ1 ሜትር ዝቅታ 10 በመቶ ነው።

ለ. ከምንጭ ዓይንና ከረግረግ ይራቅ። ወደ ምንጩ የሚወስደው መንገድ የመጨረሻዎቹ እርምጃዎች በድንጋይ ይነጠፉ።

ሐ. ለእግረኛ 1 ሜትር ስፋት ይበቃል። የተጫነ አህያ የሚሄድበት ከሆነ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ያስፈልጋል። የከብት መንገድ ለብቻው ቢሆን ይሻላል።

5. የውሃ ማፍሰሻ አሠራር

የመንገድ ጠላት እግር ብቻ አይደለም፤ መውጫ ያጣ ውሃ ነው። መንገዱ ወደ ታችኛው ጎን በ1 ሜትር ስፋት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዘንበል ይበል። በተጨማሪም መንገዱን በ45 ዲግሪ ገደማ አግድም የሚያቋርጥ የውሃ መቀልበሻ ይሠራ። ለመቀልበሻው ጠፍጣፋ ድንጋይ እስከ ግማሹ ቀብሮ መደርደር፣ ወይም ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የባሕር ዛፍ ግንድ መጠቀም ይቻላል። ለዚህ ሲባል ከተከለለው ቦታ ጥድም ሆነ ወይራ መቁረጥ ክልክል ነው።

በመቀልበሻዎች መካከል የሚኖረው ርቀት ለመነሻ ያህል እንደሚከተለው ነው፡-

የመንገዱ ተዳፋት 5 በመቶ፡- በየ40 ሜትሩ
የመንገዱ ተዳፋት 10 በመቶ፡- በየ25 ሜትሩ
የመንገዱ ተዳፋት 15 በመቶ፡- በየ15 ሜትሩ
የመንገዱ ተዳፋት 20 በመቶ፡- በየ10 ሜትሩ

በመረሬ አፈር ላይ ርቀቱን በሲሶ መቀነስ ይገባል። የመቀልበሻው አፍ ወደ ድንጋይ ወይም ሣር ወዳለበት ይውጣ እንጂ ወደ ማንም ማሳ እንዳይለቀቅ ጥንቃቄ ይደረግ። የሚተዉት አሮጌ ዱካዎች በቅርንጫፍ ይዘጉ፤ የተቦረቦሩትም በድንጋይ ክትር ተይዘው ሣር ይተከልባቸው። አዲሱ መንገድ ሳይጠናቀቅ አሮጌውን መዝጋት ጠብ ከመጥራት በቀር አይጠቅምም።

6. የመተዳደሪያ ደንብ

ቦታን ከልሎ በጊዜው መክፈት ለአገራችን ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። ከሰንዳፋ በደብረ ብርሃን መንገድ አልፈን መንዝ ብንደርስ የጓሳን ምድር እናገኛለን። ጓሳ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ቄሮ» በተባለው የአካባቢው ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሣሩ ለተወሰኑ ዓመታት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በበጋ ይከፈትና ባለድርሻው ሁሉ ያጭድ ነበር፤ ክረምት ሲገባ እንደገና ይዘጋል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢፈርስም ኅብረተሰቡ ጥበቃውን በአዲስ ደንብ ቀጥሏል። በሰበታ በኩል በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደንም በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደ ተተከለ ይነገራል። ከእነዚህ የምንማረው የሚጠበቅ ቦታ መግቢያ በርና የመግቢያ ጊዜ እንዳለው ነው።

ስለዚህ የማኅበሩ ደንብ ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ይስጥ፡-

መንገዱን ማን፣ ከምን ጋር ይሄድበታል?
ማን ይከፍታል፣ ማንስ ይዘጋል?
ደረቅ ጭራሮ መልቀምና ሣር ማጨድ በየትኞቹ ቀናት ይፈቀዳል?
የከተማ እንግዳ ሲመጣ ማን ይመራዋል? የሚከፍለው ገንዘብ ካለ ስንቱ ለመንገዱ ጥገና ይውላል?
ደንብ የተላለፈ ምን ይቀጣል?

በስብሰባው ላይ ሴቶች ካልተገኙ ደንቡ ባይጸድቅ ይሻላል። መንገዱን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

7. የሥራ ጊዜ

ግንቦት፡- የመቀልበሻዎችን አፍ ከደለል መጥረግ።
ነሐሴ፡- በዝናብ ውስጥ መንገዱን በእግር መሄድ፣ ውሃ መንገዱን የያዘበትን ቦታ በችካል ምልክት ማድረግ። ይህን የሚተካ ሌላ ፍተሻ የለም።
መስከረም፡- ደንቡን በስብሰባ ማንበብ።
ጥቅምት፡- ሦስቱን ፍተሻዎች ማድረግ፤ ካለፈ ለእግረኛ መክፈት።
ኅዳር፡- አጨዳውን ማካሄድ፤ አፈሩ ለመቆፈር የሚመች ስለሆነ በምልክቶቹ ላይ መቀልበሻ መሥራት።
ጥርና የካቲት፡- በአፈርና ውሃ ጥበቃ የሕዝብ ሥራ ወቅት ለአሮጌ ዱካዎች ክትር መሥራት።

ማጠቃለያ

ቦታን መከለል ሰውን ከተራራው ማባረር ማለት አይደለም። ሰው ለውሃ፣ ለእንጨትና ለቤተ ክርስቲያን ማለፉ አይቀርም። እኛ የምንመርጠው በየት በኩልና መቼ እንደሚያልፍ ብቻ ነው። የኤክስቴንሽን ሠራተኛው በዚህ ዓመት ሌላ ሥራ ባይደርሰው እንኳ አንድ ነገር ያድርግ፡- በወረዳው ካሉት የተከለሉ ኮረብታዎች ወደ አንዱ ሄዶ አጥሩ የተቀደደበትን ቦታ ይፈልግ፣ ማን እንደ ቀደደውና ወዴት ሊሄድ እንደ ነበረ ይጠይቅ። መንገዱ የሚጀመረው ከዚያ ነው።