የቀሪ ዕቃ ግምትና አዲሱ የሒሳብ ሥርዓት

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 የሚመለከታቸው ድርጅቶች ዓመታዊ ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ ደረጃዎች መሠረት እንዲያቀርቡ አዟል። ከእነዚህም ደንቦች አንዱ፣ በመጋዘን የቀረ ዕቃ ከተገዛበት ዋጋና የመሸጫው ወጪ ተቀንሶ ከሚያስገኘው ዋጋ በዝቅተኛው ይመዝገብ ይላል።

ለምሳሌ፣ አንድ የአሰላ ነጋዴ እያንዳንዱን በ1,000 ብር የገዛው 200 ቆርቆሮ ሰኔ 30 ቀን ሳይሸጥ ቢገኝና ገበያው ወደ 900 ብር ቢወርድ፣ በቆጂ ላለው ገዢ ማድረሻ 50 ብር ሲቀነስ የአንዱ ግምት 850 ብር ይሆናል። የ30,000 ብሩም ኪሣራ፣ ዕቃው እስኪሸጥ ሳይጠበቅ፣ በዚያው ዓመት ሒሳብ ይገባል።

በቀድሞው ዋጋ ቢጻፍ ግን የወረቀት ትርፍ ይታያል፤ ባለቤቱም ይህን አምኖ ገንዘብ ቢያወጣ የሚበላው ዋናውን ነው። ስለዚህ በቆጠራ ጊዜ ከዕቃው ብዛት ጎን የዕለቱ የገበያ ዋጋም ሊጻፍ ይገባል።