ለዋጃ ሜዳ የሚሆን ሯጭ ውሻ አያያዝ

በዋጃና በቆቦ ሜዳ ደጋሊቱ ማሽላ እሸት ሲሆን የማሳ ጥበቃው ይከብዳል። ቀን ዝንጀሮ ይወርዳል፤ ሲመሽ ከርከሮና ጃርት ይተካሉ። ማማ ላይ ያለው ሰው በወንጭፍ ብቻ አይችላቸውም፤ ሯጭ ውሻ ያስፈልገዋል።

ሯጭ ውሻ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የውጭውን ነው። ግሬይሃውንድ በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር ይፈተለካል፤ ሳሉኪ የመካከለኛው ምሥራቅ፣ አዛዋክ የሳህል፣ ባሴንጂ የኮንጎ አዳኝ ነው። የአገራችን ውሻ እንደነሱ የዘር መዝገብ የለውም። ቢሆንም ቀጭኑና ፀጉረ አጭሩ የቆላ ውሻ ሙቀቱን ለምዶታል፤ ለዚህ ሥራ እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ምርጫውን ከእናትየው ጀምሩ። ቡችላ ሁሉ ድንቡሽቡሽ ስለሆነ ወደፊት ምን እንደሚመስል አይነግርም። እናቲቱ ደረተ ጥልቅ፣ ሆደ ስብስብ፣ እግረ ረጅም ከሆነች ጥሩ ነው። ከዚያ ቡችሎቹ አጠገብ አጨብጭቡ፤ ደንግጦ ሸሽቶ፣ ወዲያው ምን እንደሆነ ለማየት የሚመለሰውን ውሰዱ። 8 ሳምንት ሳይሞላው ግን ከእናቱ አትለዩት።

ቀጥሎ ምግብ። ውሻን ማስራብ ፈጣን ያደርገዋል የሚለው አባባል አቅሙን ከመጨረስ በቀር ምንም አይፈይድም። የማሽላ ገንፎ ወይም ቂጣ ከተቀቀለ ሥጋ ጋር ይበቃዋል። ሽንኩርት ያለበት የወጥ ትራፊ አትስጡት፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ሽንኩርት በመስኖ በሚመረትበት በቆቦ አካባቢ ይህን መጠበቅ ቀላል አይደለም። ከታረደ ከብት ወይም በግ የወጣ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባም ጥሬውን አይጣልለት። ውሻው ውስጥ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ሰው ይተላለፋል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት ይዋጥ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሩ ይሰጠው፤ ከዚያም በየዓመቱ ይደገም። ይህ በሽታ ለዱር እንስሳም ተርፏል፤ በባሌ ተራሮች ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን የፈጀው ከመንደር ውሾች የተላለፈ ነው። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይታጠብ፤ ወዲያውም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጸበልም ቢሆን ከክትባቱ ጋር እንጂ በክትባቱ ፈንታ አይሁን።

ልምምዱን በጥሪ ጀምሩ። ስሙ ሲጠራ ከየትም የማይመለስ ውሻ፣ አዲስ አበባና መቀሌን የሚያገናኘው አስፋልት አጠገብ ዕድሜ አይኖረውም። አንድ ዓመት እስኪሞላው ረጅም ሩጫ አታስሩጡት፤ አጥንቱ ገና ነው። ከዚያ በኋላ ከትልቅ ውሻ ጋር ማሳ ዳር አውጡት፤ ልማዱን ከሱ ይወርሳል። ማባረር እንጂ መግደል አታስተምሩት። የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ ተባዕት ዝንጀሮም በክራንቻው ውሻ ሊዘነጥል ይችላል። የውሻን ጆሮ መቁረጥ ኃይለኛ ያደርገዋል የሚሉም አሉ፤ የሚያተርፈው ቁስል ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው። ውሻ ከመዳፉ በቀር አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። ስለዚህ ረፋድ ላይ ሥራው ያብቃ፤ በማማው ሥር ጥላና ውሃ ይኑረው። ከተንገዳገደ፣ ምራቁ ከወፈረና ድዱ ደም ከመሰለ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት። ራሱን ከሳተ ውሃ በግድ አትጋቱት፤ ወደ ሳንባው ይገባል።

ከሥራ ሲመለስ ጣቶቹን፣ ጆሮውንና ብብቱን ዳብሱ። መዥገር ቆዳው ጋ ተጠግቶ ተይዞ ቀጥ ብሎ ይነቀል። የጃርት ወስፌም እንዲሁ በገባበት መስመር ወደ ውጭ ይሳብ እንጂ አይቆረጥ። ዓይን ወይም ጉሮሮ ላይ ከሆነ ግን ለእንስሳት ሐኪም ተዉት።