የደጀን ዳገት ላይ ውሃ ለሚያፈላ አሮጌ መኪና

ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ወርዶ ድልድዩን የተሻገረ ሾፌር ደጀን እስኪደርስ ከ1300 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ያረጀ ቶዮታ ወይም ኢሱዙ ድክመቱን የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው።

ጌጁ ከመሃል አልፎ መውጣት ሲጀምር ኤሲውን ያጥፉ፤ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ። ውስጡ ቢያስጨንቅም ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። ማርሽ ቀንሰው በዝግታ ይውጡ። ቀዩን ከነካ ግን ጥግ ይዘው ያቁሙ፣ ሞተሩን አጥፍተው ጎማው ሥር ታኮ ያድርጉ። ሲነሱ ድንጋዩን ከአስፋልቱ ላይ ማንሳት አይርሱ፤ ማታ ለሚመጣ ሰው አደጋ ነው።

የራዲያተሩን ክዳን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አይንኩ። ተሳፋሪ ቢያጣድፍዎትም እሺ አይበሉ፤ ታፍኖ የቆየው ውሃ ክዳኑ እንደተከፈተ ገንፍሎ ፊት ይልጣል። የላይኛው ማኒኮቶ ሲበርድ ብቻ በወፍራም ጨርቅ ይዘው ቀስ ብለው ይክፈቱ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ቴስታታ ይሰነጥቃል።

ምክንያቱን ሲፈልጉ ከክዳኑ ይጀምሩ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ክፍት ውሃ እዚያ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደህና ሞተር የሚሠራበት ሙቀትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱን የሚፈጥረው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ 0.9 የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ወደ 115 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ይህን ግፊት ስለማይዝ ደጋ ላይ ቶሎ ያስፈላል። ራዲያተር ከማስወረድዎ በፊት ይህን ርካሽ ዕቃ ይቀይሩ።

ቀጥሎ ማኒኮቶዎቹንና የፋን ቤልቱን ይዩ፤ በራዲያተሩ ገጽ ላይ የተጣበቀ ጭቃና የጤፍ ገለባ በውሃ ያጥቡ። ከተማ ውስጥ ቆሞ ብቻ የሚግል መኪና ፋኑ ይጠረጠራል። ዳገት ላይ ብቻ የሚግል ከሆነ ራዲያተሩ ውስጡ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ እኔ አልደግፈውም። በደብረ ማርቆስ የማለዳ ብርድ ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። የተበላሸውን በአዲስ መተካት ነው።

በመጨረሻ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ከፍተው ያስነሱ። አረፋው ሳያቋርጥ ከወጣ፣ ወይም ዘይቱ ወተት እንደገባበት ቡና ከመሰለ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል። እንዲህ ያለውን መኪና ውሃ እየጨመሩ ደጀን ለማድረስ አይሞክሩ፤ ያስጎትቱት።