ከጉለሌ እስከ ደጀን፦ ተሳቢና ጓደኛ

ከማንበባችሁ በፊት ጥቂት አስቡ። ትልቅ የጭነት መኪና ቁልቁለት ሲወርድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሚወርደው ፈጥኖ ነው ወይስ ቀስ ብሎ? ለምን ይመስላችኋል?

1. የዱሮው ጉዞ

ዱሮ በአገራችን መኪና አልነበረም። እህል፣ ጨው፣ ቡናና ጨርቅ የሚጓጓዘው በአህያ፣ በበቅሎ፣ በግመልና በሰው ጀርባ ነበር። ሸቀጡን ጭኖ ከአገር አገር የሚነግድ ሰው ሲራራ ነጋዴ ይባል ነበር።

ሲራራ ነጋዴ ብቻውን መንገድ አይወጣም። በመንገዱ ሽፍታ አለ፤ የወንዝ ሙላት አለ፤ አውሬ አለ። ስለዚህ ነጋዴዎች ተጠባብቀው ብዙ ሆነው ይነሣሉ። የነጋዴዎቹ አለቃ ነጋድራስ ይባል ነበር። ከአፋር የጨው ሜዳ የተቆረጠው አሞሌ ጎጃም የሚደርሰው እንዲህ ባለ ጉዞ ነው። በጎጃም ደግሞ ባሶ የሚባል ትልቅ ገበያ ነበር። ከባሶ ተነሥቶ ዓባይን የሚሻገር ነጋዴ ክረምቱ እስኪወጣና ወንዙ እስኪጎድል መጠበቅ ነበረበት። በውሃው ውስጥ አዞ ስላለ የሚሻገሩትም ተሰብስበው ነው።

ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠራው መኪና ነው። ጓደኛ ግን ዛሬም ያስፈልጋል። ለምን እንደሚያስፈልግ ወደ ፊት እናያለን።

2. ተሳቢ ምንድን ነው?

ተሳቢ ማለት ሞተር የሌለው፣ ከፊቱ ባለው መኪና እየተጎተተ የሚሄድ የጭነት ጋሪ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ወፍራም የብረት ዘንግ ነው። በሬና ሞፈርን አስቡ። በሬው ይጎትታል፤ ሞፈሩ ይከተላል።

አንድ መኪና ከነተሳቢው 400 ኩንታል ያህል ይጭናል። አንዲት አህያ ግማሽ ኩንታል ብትሸከም፣ የአንዱን መኪና ጭነት ለማንሣት 800 አህዮች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ትልቅ ጭነት ትልቅ አደጋም አለው። በዳገት ላይ የፊቱ መኪና ተሳቢውን ይጎትታል። በቁልቁለት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ተሳቢው የፊቱን መኪና ይገፋዋል። አህያ ጭናችሁ ገደል ስትወርዱ ጭነቱ ወደ አንገቷ ሲንሸራተት አላያችሁም? እንደዚያው ነው።

3. ሦስቱ ሾፌሮች

የሚከተለው ታሪክ ለትምህርት የተዘጋጀ ነው። መንገዱና ቦታዎቹ ግን በእርግጥ ያሉ ናቸው።

ጉለሌ በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በእንጦጦ ተራራ ሥር ይገኛል። የጎጃም መንገድ ከከተማው የሚወጣው በጉለሌ በኩል በአዲሱ ገበያ አድርጎ ነው። ሦስት ጓደኛሞች ሾፌሮች በዚህ ሰፈር ይኖሩ ነበር። ሦስቱም ተሳቢ ያላቸው መኪናዎች ይነዳሉ። አንዱ በሥራው የሸመገለ ነው። ሁለተኛው ብዙ ዓመት ነድቷል። ሦስተኛው ወጣት ነው፤ ተሳቢ መንዳት ከጀመረ ዓመት አልሞላውም።

ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ማዳበሪያ ጭነው ወደ ጎጃም ሊሄዱ ተነሡ። ማዳበሪያው በመርከብ ተጭኖ በጅቡቲ ወደብ የገባ ነው። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ በአብዛኛው በአሰብ ወደብ ይገባ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ዋናው በር ጅቡቲ ሆነ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማዳበሪያው ይህን ሁሉ ተጉዞም ገና ገበሬው እጅ አልደረሰም። በደብረ ማርቆስ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች መሬታቸውን አርሰው አለስልሰው ይጠብቃሉ። ዝናቡ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በአዲሱ ገበያ ተገናኙ። ትልቁ ሾፌር እንዲህ አለ፦

«እኔ ከፊት እሆናለሁ። አንተ ልጅ መሐል ግባ። ወንድማችን ከኋላ ይጠብቀናል። ማንም ማንንም አይቅደም፤ ማንም ማንንም አይጣል።»

«እሺ ጋሼ» አለ ወጣቱ።

የሱሉልታን ዳገት ወጥተው ሜዳውን ያዙት። ጫንጮን፣ ሙከጡሪንና ደብረ ጽጌን አልፈው ፍቼ ሲደርሱ ቁርስ በሉ። ከአዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ያህል መጡ ማለት ነው። ቀጥለው ገብረ ጉራቻን አለፉና ረፋዱ ላይ ጎሐ ጽዮን ገቡ። ከጎሐ ጽዮን ወዲያ ሜዳው ያልቃል። መሬቱ ተሰንጥቆ ይታያል። ይህ የዓባይ በረሃ ነው።

4. በዓባይ በረሃ

ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ድረስ መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከፍታው በዚህ ጉዞ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይቀንሳል። ደጋውን ለቅቃችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቆላ ትገባላችሁ። ከወንዙ ወዲያ ደግሞ እስከ ደጀን የዚያኑ ያህል ዳገት ይጠብቃል። መሬቱ ስለሚንሸራተት በክረምት አስፋልቱ ይሰነጠቃል፤ አንዳንድ ቦታም ይሰምጣል።

ምሳ ከበሉ በኋላ ሾፌሮቹና ረዳቶቹ መኪናዎቹን ፈተሹ። ጎማውን መቱ፤ ዘንጉን አዩ፤ የፍሬኑን ንፋስ ለኩ፤ ለታኮ የሚሆን ድንጋይ ያዙ። ትልቁ ሾፌር ወጣቱን መከረው፦

«ቁልቁለትን በምትወጣበት ማርሽ ውረደው። በከባድ ማርሽ ከሄድክ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዝልሃል። ፍሬንን እንደ ቅመም ነው፤ ትንሽ ትንሽ።»

መውረድ ጀመሩ። ወጣቱ በመጀመሪያ እንደ ተመከረው አደረገ። በኋላ ግን ትዕግሥቱ አለቀ። ማርሹን አቀለለና ፍጥነቱን በፍሬን መያዝ ጀመረ። አንድ ኩርባ፣ ሁለት ኩርባ፣ ሦስት ኩርባ አለፈ። ከኋላ ያለው ጓደኛው ከተሳቢው ጎማ ሥር ጭስ ሲወጣ አየ። ወዲያው ጥሩምባውን አከታትሎ ነፋ፤ መብራቱንም አበራ አጠፋ። ወጣቱ ሰማ። እግሩን ፍሬን ላይ ቢጭን መኪናው እንደ ዱሮው አልይዝ አለው። ደግነቱ ፍጥነቱ ገና አልበዛም ነበር። እንደ ምንም ብሎ ማርሹን ወደ ከባድ መለሰ። መንገዱ ሰፋ ካለበት ጥግ ይዞ በጭንቅ ቆመ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ወሸቀ።

5. ፍሬን ለምን ይደክማል?

ሁለቱን መዳፎቻችሁን አጥብቃችሁ አፋትጉ። ይሞቃሉ አይደል? ፍሬንም እንዲሁ ነው። ከጎማው ጋር የሚዞር ብረት አለ። ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ የፍሬኑ ሸራ ያንን ብረት ተጭኖ ያፋትገዋል። መፋተጉ ጎማውን ያቆመዋል፤ ሙቀትም ይፈጥራል። ሾፌሩ ለአጭር ጊዜ ረግጦ ቢለቅ ሙቀቱ ይበርዳል። ሳይለቅ ረጅም ቁልቁለት ከወረደ ግን ሸራው ይግላል፤ ይጨሳል፤ የመያዝ ኃይሉም ይጠፋል። ያን ጊዜ 400 ኩንታል ጭነት መኪናውን ወደ ገደል ይገፋዋል።

ረዳቱ ጄሪካን አንሥቶ «ውሃ ልድፋበት?» አለ።

«ተው!» አለ ትልቁ ሾፌር። «የጋለ ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። በራሱ ጊዜ ይብረድ።»

ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቁ። በረሃው ያቃጥላል። ወጣቱ አፈረ።

«ጋሼ፣ እናንተ ሂዱ» አለ። «ሊመሽ ነው። ጭነቱም ይፈለጋል። በእኔ ጥፋት እናንተ ለምን ትዘገያላችሁ?»

ትልቁ ሾፌር አንገቱን ነቀነቀ። «ሦስት ሆነን ወጥተናል፤ ሦስት ሆነን እንገባለን። አንተ እዚህ ብቻህን ብታድር የሚያጅብህ ማን ነው? መኪናህ ቢንሸራተት ታኮ የሚያቀብልህስ ማን ነው? ማዳበሪያው አንድ ሌሊት ቢዘገይ ገበሬው ነገ ይዘራል። ገደል ከገባ ግን ነገም የለም።»

ፍሬኑ ሲበርድ መኪናው ሥር ገብተው ሸራውን አዩ። አልተበላም። ወጣቱ ጋቢና ወጥቶ ሞተሩን አስነሣ። ሊንቀሳቀስ ሲል ትልቁ ሾፌር እጁን አነሣ።

«ድንጋዮቹስ?» አለ።

ወጣቱ ከረዳቱ ጋር ወረደ። መንገዱ ላይ የቀሩትን ድንጋዮች አንድ በአንድ አንሥተው ዳር አወጡ። ከዚያ በከባድ ማርሽ ቀስ ብለው ወደ ወንዙ ወረዱ።

በወንዙ ላይ የቆየው ድልድይ ከ50 ዓመት በላይ አገልግሎ ደክሞ ነበር። ስለዚህ በጃፓን መንግሥት እርዳታ አጠገቡ አዲስ ድልድይ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ተመረቀ። ርዝመቱ 303 ሜትር ነው። ሦስቱ መኪናዎች በዚህ ድልድይ ተሻገሩ። ዳገቱን እያቃሰቱ ወጥተው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ደጀን ገቡ። በማግሥቱ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ጭነቱን አራገፉ። ገበሬዎቹም 1200 ኩንታል ማዳበሪያ ተከፋፈሉ። ለአንድ ሄክታር 2 ኩንታል ቢታሰብ ለ600 ሄክታር ይበቃል።

6. ይህ ለእኛ ምን ያስተምረናል?

እኛ ሾፌሮች አይደለንም። መንገዱ ግን በደጃችን ያልፋል። ስለዚህ፦

ሀ. በጭነት ላይ ተሳፍራችሁ አትሂዱ። መኪናው በኩርባ ላይ ሲያዘነብል ከላይ ያለ ሰው ይወድቃል። ጭነቱም ይጫነዋል።

ለ. ከብቶቻችሁን ቁልቁለት ባለበት መንገድ ላይ አታሳርፉ። የተጫነ ተሳቢ ቶሎ መቆም አይችልም።

ሐ. ሾፌር ለታኮ ያስቀመጠውን ድንጋይ ረስቶ ቢሄድ አንሡት። ማታ የሚመጣው መኪና ድንጋዩን አያየውም። በዚያ መኪና ላይ የሚመጣው የእናንተው ልጅ ሊሆን ይችላል።

መ. ረጅም መንገድ ስትወጡ ከጓደኛ ጋር ውጡ። ከኋላ ያለ ጓደኛ እኛ የማናየውን ጭስ ያያል።

የቃላት ፍቺ

ታኮ፦ መኪና እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የሚደረግ ድንጋይ ወይም እንጨት።
ጋቢና፦ ሾፌሩ የሚቀመጥበት የመኪናው ክፍል።
ረዳት፦ ሾፌሩን የሚያግዝ ሠራተኛ።
ከባድ ማርሽ፦ መኪናው በዝግታና በኃይል የሚሄድበት ማርሽ።

ጥያቄዎች

1. ሲራራ ነጋዴዎች ተሰብስበው የሚሄዱት ለምን ነበር?
2. በቁልቁለት ላይ ተሳቢው የፊቱን መኪና ምን ያደርገዋል?
3. ትልቁ ሾፌር በጋለው ፍሬን ላይ ውሃ እንዳይደፋ የከለከለው ለምንድን ነው?
4. ሒሳብ፦ አንዲት አህያ ግማሽ ኩንታል ብትሸከም የሦስቱን መኪናዎች ጭነት ለማንሣት ስንት አህዮች ያስፈልጋሉ?
5. ተወያዩ፦ ወጣቱ «እናንተ ሂዱ» ሲል እናንተ በትልቁ ሾፌር ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?