ርካሽ ቁልፍ፣ ውድ ብሎን

አሜሪካ ውስጥ የመኪናውን ዘይትና የፍሬን ሸራ በራሱ እጅ የሚቀይር ሰው ሀርበር ፍሬትን ያውቀዋል። አባትና ልጅ በ1977 ካሊፎርኒያ ውስጥ በፖስታ ትእዛዝ መሸጥ የጀመሩት ንግድ ዛሬ ከ1,500 በላይ መደብሮች አሉት። ውድ መሣሪያ የሚሠራው ስናፕ ኦን አንድ ራቼት በሚሸጥበት ገንዘብ እዚያ ሙሉ የቡሶላ ሳጥን ይዞ መውጣት ይቻላል። በዋሽንግተን ዙሪያ ሳምንቱን ታክሲ ወይም ኡበር ሲነዱ ሰንብተው እሑድ ኮፈን የሚከፍቱ የአገራችን ልጆች ብዙ ናቸው፤ ርካሹ ዕቃ ያዋጣ እንደሆነ መጠየቃቸውም ተገቢ ነው።

ዋጋ ከማየት በፊት

ዕቃውን አንስታችሁ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ ሥራ ላይ እያለ ቢበላሽ ምን ይከተላል? ካቻቢቴ ሲበላሽ ጫፉ ይጣመማል፤ ታያላችሁ፣ ትጥሉታላችሁ። መጥፎ ቡሶላ ግን ራሱ ደህና ሆኖ ብሎኑን ይበላል። መለኪያ የሆነ ዕቃ ሲበላሽ ምንም ሳያሳይ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። መኪና የሚሸከም ዕቃ የሚበላሸው ደግሞ ሰው ከሥር ተኝቶ ሳለ ሊሆን ይችላል። “መጀመሪያ ርካሹን ግዛ፣ ሲሰበር ጥሩውን ትገዛለህ” የሚባለው ምክር የሚሠራው ለመጀመሪያው ዓይነት ብቻ ነው።

ያለ ሐሳብ የሚገዛ

ዘይት መቀበያ ሳፋ፣ ማርቴሎ፣ የብረት ብሩሽ፣ ጓንት፣ የወደቀ ዳዶ ማንሻ ማግኔት፦ ርካሹን ውሰዱ።

ኮድ ማንበቢያም እዚሁ ይመደባል። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ የቤት መኪና ሁሉ መሪው አካባቢ አንድ ዓይነት መሰኪያ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል፤ 20 ዶላር አካባቢ የሚያወጣ ማንበቢያ የቼክ ኢንጂን መብራት ለምን እንደበራ ይነግራችኋል። በርግጥ ኮዱ የት መፈለግ እንዳለባችሁ እንጂ ምን መግዛት እንዳለባችሁ አይናገርም። ፒ 0420 ስላየ ብቻ ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚያዝ ሰው፣ ችግሩ የተሰነጠቀ የጭስ ማውጫ ቱቦ ሆኖ ሲያገኘው ብዙ ገንዘብ ከስሯል።

ርካሽ ቴስተር ለ12 ቮልት ባትሪ ይበቃል። ፕሪየስ የምትነዱ ግን ብርቱካናማውን ገመድ በዚህ ቴስተር እንዳትነኩ፤ የትልቁ ባትሪ ኃይል ከ200 ቮልት ያልፋል።

ቁልፍና ቡሶላ

ብዙ ገንዘብም ብዙ ንዴትም ያለው እዚህ ነው። ሣጥኑ ላይ “225 ዕቃ” ተብሎ የተጻፈ ስብስብ አያታልላችሁ፤ ከግማሽ በላዩ ጥቃቅን ጫፍና በኢንች የተለካ ቡሶላ ነው። ለቶዮታና ለሆንዳ በአብዛኛው የሚያስፈልጓችሁ 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ሚሊሜትር ናቸው፤ ለቶዮታ የጎማ ዳዶ 21 ይጨመርበታል። እነዚህን በጥሩ ጥራት መግዛት ሁለት መቶ ዕቃ በመጥፎ ጥራት ከመሸከም ይሻላል።

ከብራንዱም በላይ ውስጡን ተመልከቱ። የብሎን ጭንቅላት ስድስት ጎን አለው። ስድስት ማዕዘን ያለው ቡሶላ ጎኑን ይይዛል፤ አሥራ ሁለት ማዕዘን ያለው ግን ኃይሉን ማዕዘኑ ላይ ያሳርፋል። ብሎኑ በክረምት የመንገድ ጨው ዝጎ ቡሶላው ደግሞ ትንሽ ሰፋ ካለ፣ ማዕዘኑ ተበልቶ ብሎኑ ክብ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው መቁረጥና መበየድ ነው። ስለዚህ ርካሽም ቢሆን ባለ ስድስቱን ግዙ። በአየር ወይም በባትሪ በሚሠራ መፍቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ጥቁሩን ቡሶላ ብቻ፤ የሚያብረቀርቀው በምት ሊፈነዳ ይችላል።

የሀርበር ፍሬት የእጅ መሣሪያዎች የዕድሜ ልክ ዋስትና አላቸው፤ የሆም ዲፖው ሀስኪና የሎውዝ ኮባልትም እንዲሁ። የተሰበረውን ይዛችሁ ብትሄዱ ይለውጡላችኋል። የተበላውን ብሎን ግን ማንም አይለውጥላችሁም።

ዝም ብሎ የሚዋሽ

ቶርክ ቁልፍ ዳዶ በስንት ኃይል እንደታሰረ የሚለካ ነው። የቶዮታ ኮሮላ የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ይታሰራል። አይሶ 6789 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለአብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ቁልፎች በላይም በታችም 4 በመቶ ስሕተት ይፈቅዳል፤ በ12 ወር ወይም በ5,000 ጊዜ አንዴ እንዲፈተሹም ይጠይቃል። ለጎማ ዳዶ ርካሹ “ቀጭ” የሚል ቁልፍ ይበቃል ባይ ነኝ፤ ጥቂት ኒውተን ሜትር ቢሳሳት ጎማ አይወልቅም። ለሞተር ቴስታታ ግን አይሆንም፤ አንዱ ብሎን ሲላላ ሌላው ሲጠብቅ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል። ርካሽም ውድም ቢሆን ብሎን አትፍቱበት፤ ሥራ ስትጨርሱም ወደ ዝቅተኛው ቁጥር መልሱት።

ከመኪና ሥር

በ2020 ሀርበር ፍሬት ፒትስበርግ በሚል ስም የሸጣቸውን የ3 እና የ6 ቶን የብረት መደገፊያዎች መልሱልኝ አለ። ቁጥራቸው ከ1 ሚሊዮን በላይ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ያለው ማምረቻ በማርጀቱ የአንዳንዶቹ መያዣ በጥርሱ ውስጥ በደንብ አይገባም፤ መኪና ተሸክሞ ሳለ ድንገት ሊወርድ ይችላል። በዚያው ዓመት በምትካቸው ለገበያ ከቀረቡት የ3 ቶን መደገፊያዎች አንዳንዶቹ የብየዳ ጉድለት ተገኝቶባቸው እነሱም ተጠሩ። ያገለገለ መደገፊያ ከጓሮ ሽያጭ ስትገዙ የሞዴል ቁጥሩን ሳታጣሩ እንዳታነሡ የምለው ለዚህ ነው።

እኔ ብመርጥ ጥርስ ካለው ይልቅ ወፍራም ፒን በቀዳዳ የሚያልፍበትን እመርጣለሁ፤ ፒኑ መግባቱ በዓይን ይታያል። ክሪክ ለማንሣት ነው፤ ይዞ ለመቆየት አይደለም፤ ዘይቱ በጎሚኒው ካፈሰሰ ይወርዳል። ብሎኬት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ፤ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። ከመግባታችሁ በፊት መኪናውን ገፋ አድርጉት፣ የፈታችሁትንም ጎማ ከሻሲው ሥር አስተኙት።

በዓመት አንዴ ለሚያስፈልግ

የሞላ መጭመቂያ፣ የኩሽኔታ መንቀያ፣ የቦል ጆይንት ማውጫ አትግዙ። አውቶዞንና መሰሎቹ መያዣ ገንዘብ ተቀብለው ያውሳሉ፤ ዕቃውን በሰዓቱ ስትመልሱ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። የታመቀ ሞላ አምልጦ ቢመታ ሰው ይገድላል፤ የተዋሳችሁትንም ቢሆን ጥርሱንና ማሰሪያውን ሳትመረምሩ አትጫኑት። አፓርታማ የምትኖሩ ደግሞ ውላችሁን አንብቡ፤ ብዙ አከራይ በመኪና ማቆሚያው ላይ ጥገና ይከለክላል።

ወደ አገር ቤት ሲላክ

ጋራዥ ለሚሠራ ወንድም ዕቃ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ሂሳቡ ይለወጣል። የኢንች ቡሶላ ለቪትዝና ለኮሮላ አይረባውም። በኤሌክትሪክ የሚሠራውም ሆነ የባትሪው ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ አዲስ አበባ 220 ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን እዩ። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ ከእጅ ሻንጣ ውጭ አይፈቀድም፤ ረጅም ቁልፍ ደግሞ በተቃራኒው በሚጫነው ሻንጣ ይገባል። የዕድሜ ልክ ዋስትናውም መደብሩ ካለበት አገር አያልፍም፤ ስለዚህ ለራሳችሁ ርካሹን ብትገዙም ለእሱ የተሻለውን ያዙለት።